ከሜሪላንድ ባሕር ዳር የሻርክ ጥርስ እንዴት ይለቀማል?

እናቴ ልጆቹን ለማየት ከአዲስ አበባ የመጣች ዓመት ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ቼሳፒክ ባሕር ዳር ወረድን። እኔ አካፋና ባልዲ ይዤ አሸዋ እቆፍራለሁ። ልጆቹ ይሯሯጣሉ። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ውሃው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ አለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ መጥታ መዳፏን ዘረጋችልኝ። ዘጠኝ ጥቁር ጥርስ። እኔ አንድም የለኝም።

“እንዴት አገኘሽው እማዬ?”

“ምን እንዴት አለው? ምስር መልቀም እኮ ነው።”

ነገሩ በሙሉ ይሄው ነው። የሻርክ ጥርስ ተቆፍሮ አይገኝም፤ ይለቀማል። ቁፋሮውንም ማንፈሱንም ባሕሩ አስቀድሞ ጨርሶታል። የእናንተ ሥራ ባሕሩ ያነፈሰውን የት እንዳስቀመጠ ማወቅና ዓይንን ማለማመድ ነው። ይህን የምጽፈው በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ላላችሁ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ተነስታችሁ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ከፍ ያለ ጊዜ ብትነዱ ከዓለም ጥሩ የለቀማ ቦታዎች አንዱ ጋ ትደርሳላችሁ። ስንቶቻችን ሃያ ዓመት እዚህ ኖረን ሳናውቀው ቀረን!

መጀመሪያ፦ ጥርሱ እዚያ ምን ያደርጋል?

“ቀጥታ ቦታውን ንገረን” የምትሉ ትኖራላችሁ። ታገሱኝ። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ቦታውን ራሱ ያገኘዋል።

ሻርክ እንደ እኛ ደረቅ አጥንት የለውም። አጽሙ ልም አጥንት ነው፣ የጆሯችን ዓይነት። ሲሞት አብዛኛው አካሉ ይበሰብሳል። ጥርሱ ግን ጠንካራ ነው፤ ይቀራል። ደግሞ ብዛቱ! የእኛ የወተት ጥርስ አንዴ ይወልቃል፣ ሌላ ይተካል፣ በቃ። የሻርክ ጥርስ ግን በረድፍ በረድፍ የተደረደረ ነው። የፊተኛው ሲወልቅ የኋለኛው ወደ ፊት ይመጣል፣ ዕድሜ ልኩን። በሕይወት ዘመኑ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጥርስ የሚጥል ዝርያ አለ። ስለዚህ አንድ ጥርስ አገኛችሁ ማለት አንድ ሻርክ እዚያ ሞቷል ማለት አይደለም። በልቶ ሲሄድ ጥሎት ሊሆን ይችላል።

የወደቀው ጥርስ ባሕሩ ወለል ላይ ጭቃ ይለብሳል። ጭቃው ውስጥ ያለው ማዕድን ቀስ እያለ ይሰርገዋል። በዚህ ምክንያት የምታገኙት ጥርስ ነጭ አይደለም። ጥቁር፣ ግራጫ፣ አንዳንዴም ቡናማ ነው። ቀለሙ የተቀበረበትን ጭቃ እንጂ ዕድሜውን አይናገርም። “ይሄ በጣም ጠቁሯል፣ በጣም ያረጀ ነው” የሚል ሰው ከገጠማችሁ በትሕትና እለፉት።

ከ18 እስከ 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባለው ጊዜ ዛሬ ደቡብ ሜሪላንድ የምንለው አገር ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። ዓሣ ነባሪ ነበረበት፣ ዶልፊን ነበረበት። ይህን ያህል ምግብ ካለ ሻርክም አለ። በኋላ ባሕሩ ሸሸ፣ ወለሉ የብስ ሆነ። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲያበቃ በረዶው ቀለጠና ባሕሩ ከፍ አለ። የሳስኳሃና ወንዝን ሸለቆም አጥለቀለቀው። ዛሬ ቼሳፒክ ቤይ የምንለው እሱ ነው። የአዲሱ ውሃ ሞገድ የድሮውን ባሕር ወለል ከጎኑ ይቆርሰው ጀመር። በዚህ መንገድ የካልቨርት ገደሎች ተፈጠሩ። ወደ 50 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት አላቸው፣ ቦታ ቦታ ላይ ከ30 ሜትር በላይ ይቆማሉ።

ገደሉ በየክረምቱ ይናዳል። የወደቀውን አፈር ሞገዱ ያጥበዋል። ጭቃውና ደቃቁ አሸዋ ይሄዳል፤ ከበድ ያለው ይቀራል። ሰፌድ ማለት ነው። ገለባው ይነፍሳል፣ ፍሬው ይቀራል።

እንግዲህ ሦስት ነገር ያዙ፦ የጥንት ባሕር ወለል፣ እሱን የሚቆርስ ነገር፣ የተቆረሰውን የሚያበጥር ውሃ። ሦስቱ ከተገናኙ ጥርስ ይኖራል። በፍሎሪዳ ቬኒስ ከተማ ዳርቻና ፒስ ወንዝ ውስጥ የሚለቀመው በዚሁ ምክንያት ነው። አንዳንዴ ቆራሹ ሞገድ ሳይሆን ሰው ነው። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ አውሮራ የምትባል ትንሽ ከተማ የፎስፌት ማዕድን ማውጫ አላት። እዚያ ያለው የቅሪተ አካል ሙዚየም በሩ ላይ የማዕድኑን አፈር ከምሮ ልጆች በነፃ እንዲለቅሙ ያደርጋል። የሞሮኮው ኩሪብጋም የፎስፌት አገር ነው፤ በየገበያው የሚሸጠው የሞሮኮ ሻርክ ጥርስ ከዚያ አካባቢ ይመጣል። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ እንግሊዝ ኬንት ውስጥ ኸርን ቤይንና ሼፒ ደሴትን፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ ካድዛንድን ሞክሩ።

ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ልፋት ነው። ኦሽን ሲቲ አሸዋው ያምራል፣ መንገዱም የለመድነው ነው። ከጀርባው የሚቆረስ ገደል ግን የለም። ለዋና ሂዱበት፣ ለጥርስ አትድከሙ።

ሁለተኛ፦ ቦታ መምረጥ

በጣም የታወቀው ላስቢ ከተማ አጠገብ ያለው ካልቨርት ክሊፍስ ስቴት ፓርክ ነው። ያምራል፣ ግን ከመኪና ማቆሚያው እስከ ባሕሩ በጫካ ውስጥ 1.8 ማይል በእግር ነው። ወደ 3 ኪሎ ሜትር። መመለሻውንም ቁጠሩ፣ የተኛ ልጅ ተሸክማችሁ። ለመለቀሚያ የተፈቀደው ዳርቻም ሰፊ አይደለም፤ ገደሉ ሥር ያለው ክፍል ዝግ ነው።

ትንንሽ ልጅ ወይም እናት አባት ይዞ ለሚሄድ የእኔ ምርጫ እዚያው አካባቢ ያለው ፍላግ ፖንድስ ነው። የእግር መንገዱ ግማሽ ማይል ገደማ ነው፣ ዳርቻውም ሰፊ ነው። እናቴ ዘጠኙን የለቀመችው እዚህ ነው።

ወደ ፖቶማክ ወንዝ በኩል ደግሞ ቻርልስ ካውንቲ ውስጥ ፐርስ የሚባል ቦታ አለ። እዚህ ያለው አፈር በጣም የቆየ ነው፣ 60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ዳይኖሰሮች ከጠፉ ብዙም ሳይቆይ ማለት ነው። የሚገኘው ጥርስም ይለያል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ መርፌ ሹል የሆነ ይበዛዋል። ሽንት ቤት የለም፣ ምንም የለም። ውሃው ሲሞላ ዳርቻው ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ሰዓቱን ሳታዩ አትሂዱ። ቨርጂንያ ያላችሁ ዌስትሞርላንድ ስቴት ፓርክን አስቡ፤ “ፎሲል ቢች” ተብሎ የተሰየመ ዳርቻ አለው።

የመግቢያ ክፍያውና የሚከፈትበት ወቅት ስለሚለዋወጥ ከመነሳታችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን እዩ። በካርታ ላይ ባዶ የሚመስል ዳርቻ ሁሉ ክፍት አይደለም። ብዙው የሰው ግቢ ነው፣ አንዳንዱም ለከተማው ነዋሪ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ቀንና ሰዓት

ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት እወቁ። “ታይድ ቻርት” ብላችሁ የቦታውን ስም ጨምራችሁ ስልካችሁ ላይ ፈልጉ። ውሃው ዝቅ ከሚልበት ሰዓት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። እየሸሸ ሲሄድ አዲስ ጠጠር እየገለጠ ይሄዳልና። ለእናት አባቶቻችን ስትነግሩ ግን ተጠንቀቁ። ሰንጠረዡ ላይ ጠዋት 8 የሚለው በእኛ 2 ሰዓት ነው። በዚህ የተነሳ አጎቴ አንድ ቀን በር ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ እንዳይጠብቁኝ ፈርቻለሁ።

ካልቨርት ላይ ግን ሙላቱና ጉድለቱ ትንሽ ነው፣ ከጉልበት በታች። ነፋሱ የበለጠ ይወስናል። ከሰሜን ምዕራብ ጠንከር ያለ ነፋስ ሲነፍስ ውሃውን ከዳርቻው ገፍቶ ያርቀዋል። ያ ቀን ሠርግ ነው። ማዕበል ወይም ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ማግስትም እንደዚሁ፤ ገደሉ አዲስ አፈር ጥሏል፣ ሞገዱም አጥቦታል።

ብርድ የማይፈራ ሰው በክረምት ይሂድ። ሰው የለም፣ ማዕበሉ ብዙ ነው፣ ቅጠሉም ረግፏል። እ.ኤ.አ. በ2022 የገና ቀን አንዲት የ9 ዓመት ልጅ እዚሁ ካልቨርት ውሃ ውስጥ ገብታ 5 ኢንች የሚሆን የሜጋሎዶን፣ ድሮ የጠፋው ግዙፍ ሻርክ፣ ጥርስ አውጥታለች። ከእጇ መዳፍ ይበልጥ ነበር። እኛ ያን ቀን ቤታችን ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርን።

በበጋ ቅዳሜና እሁድ ከሆነ የምትሄዱት በጠዋት ድረሱ። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው የተነሳነው። ቁርስ በላን፣ ቡና ተፈላ፣ ሦስተኛውንም ጠጣን። ስንደርስ የመኪና ማቆሚያው ሞልቶ በሩ ተዘግቷል። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የቡናው ነው።

አራተኛ፦ ምን ይያዝ

ብዙ አይደለም። የዱቄት ወንፊት አይሆንም፣ ዓይኑ ጠባብ ነው፤ አሸዋውን ሁሉ ይይዛል። ፓስታ ማጥለያ ይሻላል። ከሱ የሚሻለው ደግሞ ዓይኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሽቦ በእንጨት ፍሬም የተወጠረ ነው። ውሃ የማይፈራ ጫማ፣ ምክንያቱም ጠጠሩ ይቆረቁራል። ለጥርሱ ክዳን ያለው ትንሽ ጠርሙስ፣ ያለቀ የመድኃኒት ብልቃጥ እንኳ። ኪስ ውስጥ የገባ ጥርስ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው የሚገኘው።

ምሳ ያዙ። የሜሪላንድ ስቴት ፓርኮች የቆሻሻ መጣያ የላቸውም። ያመጣችሁትን ላስቲክ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። አካፋውን ቤት ተዉት።

አምስተኛ፦ አለቃቀሙ

ዳርቻው ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ ቁሙና እዩ። ንጹህ አሸዋ ያለበትን ተዉት። ሞገዱ የዛጎል ስብርባሪና ጠጠር በመስመር የጣለበት ቦታ አለ። አንዱ መስመር ከፍ ብሎ ደረቁ ላይ ነው። ሌላው ሞገዱ የሚሰበርበት ጠርዝ ላይ ነው፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ። የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው። ጥርስ ከዛጎል ስብርባሪ ይከብዳል፣ ከትንንሽ ጠጠር ጋር አብሮ ይቀመጣል።

ቁጢጥ በሉ። ቆሞ መሄድ ለፎቶ ነው። የአንድ ሰፌድ ስፋት ያለው ቦታ ምረጡና እሱን ብቻ እዩ። ዓይናችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ይሂድ፣ ከዚያ ዝቅ ይበል። ጥርስ አትፈልጉ፤ የተለየ ነገር ፈልጉ። ምስር ስትለቅሙ ጠጠሩን ስሙን ጠርታችሁ አይደለም የምታገኙት። ሺህ ክብ ነገር መሐል አንድ ክብ ያልሆነ ነገር ዓይንን ይጎትታል። እዚህም እንዲሁ ነው። ሺህ ድንጋይ ቅርጽ የለውም፤ አንዱ ሦስት ማዕዘን ነው። ሺህ ድንጋይ ደብዛዛ ነው፤ አንዱ ያብለጨልጫል።

ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ፊታችሁን ወደሷ አዙሩና ፈልጉ። የጥርሱ ገጽ ብርሃኑን ይመልሰዋል። እርጥብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ትልቅ ነገር አትጠብቁ። አብዛኛው ከሽምብራ እስከ ባቄላ ፍሬ የሚያክል ነው። ብዙ ሰው ባዶ እጁን የሚመለሰው በቴሌቪዥን ያየውን መዳፍ የሚያክል ጥርስ ሲፈልግ እግሩ ሥር ያለውን እየረገጠ ነው። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ።

አንድ ካገኛችሁ እዚያው ቆዩ። ውሃው የሚያበጥረው በክብደትና በመጠን ነው። አንዱን ያስቀመጠበት ቦታ መሰሎቹንም አስቀምጧል።

በወንፊት ለመሥራት ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ግቡ። ሞገዱ ከሚሰበርበት ትንሽ ወጣ ብሎ እግራችሁ ጠጠር ሲሰማው እዚያ ዝፈቁ። አሸዋው እስኪወጣ ውሃ ውስጥ ወዝውዙት። የቀረውን አንድ ጊዜ እናንተ እዩ፣ ከመጣላችሁ በፊት ደግሞ ልጅ ያየው። የልጅ ዓይን ይበልጣል። ለመሬትም ይቀርባሉ።

ጥርስ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሁለት ክፍል አለው። አንዱ እንደ ብርጭቆ የለሰለሰና የሚያብለጨልጭ ስለት ነው። ሌላው ደብዘዝ ያለ፣ ሻከር ያለ ሥር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት እግር አለው። ሥሩ የተሰበረ ቢሆንም ስለቱ ይነግራችኋል። አታላዩ ጥቁር ጠጠር ነው። ጠጠር ዙሪያውን አንድ ዓይነት ነው፣ እንዲህ ያለ ለውጥ የለውም።

ከዚያ መለየቱ ይመጣል፣ ይሄ ነው ሱስ የሚያስይዘው። ጠርዙ ለስላሳ፣ ሰፊና ጠፍጣፋ ከሆነ ማኮ የሚባለው ሻርክ ወገን ይሆናል። ወደ አንድ ጎን የታጠፈና በአንዱ ጎን ጎድጎድ ያለ፣ ጠርዙም የተከረከረ ከሆነ የታይገር ሻርክ ነው። ሄሚፕሪስቲስ የሚባለውን ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። ልክ እንደ አገር ቤት ማጭድ የጎበጠ ነው፣ ጠርዙም ትልልቅ ጥርስ ያለው መጋዝ ይመስላል። ቀጭንና ሹል የሆኑት የሳንድ ታይገር ናቸው። ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ በአንድ ጎኑ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ ነገር ካገኛችሁም አትጣሉት። ሬይ የሚባለው ክንፋም ዓሣ ዛጎል የሚፈጭበት መንጋጋ ስባሪ ነው።

ሜጋሎዶን የሁሉም ሕልም ነው። ከ15 ሜትር በላይ ይረዝም የነበረ ሻርክ ነው። ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጠፍቷል፤ ትልቁ ጥርሱ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በስድስት ዓመት ውስጥ እኔ ያገኘሁት አንድ ስባሪ ነው፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል። ጠርዙ ላይ ያለውን ደቃቅ ክርክር በጥፍሬ እየዳሰስኩ ቤት ደረስኩ። መኪናውን የነዳችው ባለቤቴ ናት።

ይሄን አታድርጉ

ገደሉን አትቆፍሩ። ሥሩ አትቀመጡ፣ ጥላ ፍለጋም ቢሆን። ከላይ ሲታይ የቆመ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሸክላና አሸዋ ነው፤ ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል። ዝግ ነው የሚል ምልክት ካያችሁ ሌሎች አልፈው ሲሄዱ ብታዩም አትከተሉ። ጥርሱን የምታገኙት ውሃው ዳር ስለሆነ የሚያመልጣችሁ ነገር የለም። ዳርቻው ላይ የወደቀውን መውሰድ ግን በጠቀስኳቸው ስቴት ፓርኮች ይፈቀዳል።

በበጋ ውሃው ውስጥ ጄሊፊሽ አለ፣ ይለበልባል። የጫካው መንገድ ደግሞ መዥገር አለው። ቤት ስትገቡ የልጆቹን ከጆሮ ጀርባና ብብት ሥር እዩ። ቀልድ አይደለም፣ ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል።

ቤት ስትገቡ

በንጹህ ውሃ እጠቡት። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል፤ እናቴ በመፋቂያ ነው ያጸዳችው፣ ጥርስ ጥርስ ነው ብላ። ሎሚ፣ ኮምጣጤና በረኪና አታስነኩት። ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ከዚያ ብልቃጡ ላይ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። ቦታው ያልተጻፈበት ጥርስ ጌጥ ነው። የተጻፈበት ግን ማስረጃ ነው።

መለየት ካቃታችሁ ሰለሞንስ ከተማ ወዳለው ካልቨርት ማሪን ሙዚየም ጎራ በሉ። ከ10 ሜትር በላይ የሚረዝም የሜጋሎዶን አጽም ቅጂ ከጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። ልጆች ሥሩ ቆመው ዝም ይላሉ። የኔዎቹ ዝም ያሉበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

አገር ቤትስ?

እናቴ ስትመለስ መንገድ ላይ ጠየቀችኝ። እኛ አገር ባሕር ነበር ወይ? ነበር። በጁራሲክ ዘመን፣ ከዳይኖሰሮች ጋር ባንድ ወቅት፣ ባሕር ገብቶ ሰፊውን የአገራችንን ክፍል ሸፍኖ ነበር። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ ስትወርዱ የምታዩት የኖራ ድንጋይ የዚያ ባሕር ወለል ነው። ዛጎል ያለበት ድንጋይ መንገድ ዳር ይታያል። አፋር ውስጥም ከቀይ ባሕር የገባ ውሃ የተወው ኮራል ደርቆ ቆሟል።

ግን እዚያ ደንቡ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ቅሪተ አካል በአዋጅ የተጠበቀ ቅርስ ነው። ያለ ፈቃድ ማንሳትም ሆነ ይዞ መውጣት አይቻልም። ለጉብኝት ሄዳችሁ የሆነ ነገር ካያችሁ ከቦታው ሳታነሱ ፎቶ አንሱት። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጡ፣ ስልካችሁ ላይ ቦታውን መዝግቡ፣ ከዚያ ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም አዲስ አበባ ላለው የቅርስ ባለሥልጣን ንገሩ።

“እሺ፣ አላነሳም” አለች እናቴ። ዘጠኙን የሜሪላንድ ጥርሷን ግን በባዶ የበርበሬ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋ ክዳኑን ሁለቴ አጠበቀችው።